አራት ጣት

ናፖሊ ከተማ እጅ ነው የሚያወራ፤
ትከሻ ሳይጨብጥ ነጋዴው በገበያ ዋጋ አይጠራ፣
ጉንጭ ሳይስም ወዳጅ ወሬውን አይጀምር፤
አውቶቡስ ሲሞላ ክርን ነው ከክርን፣ ደረት ነው ከጀርባ፣ ሰው በሰው ሲታጠር።

እኔ በእግሬ ነበር።
ዶፍ ዝናብ ቢወርድም ዳገቱን በእግሬ፣
ግድግዳ ግድግዳውን፣
እጄን ከኪሴ ውስጥ እንደ ሌባ ቀብሬ።

ሙያዬ ጓንት ነው። (ሳቁ፤ ፈቅጃለሁ።)
በጠቦት ቆዳ ላይ የማላውቀውን እጅ ስቀድ እውላለሁ።
ስስበው፣ ስወጥረው፣ በአውራ ጣቴ ስዳብስ አንዳች አልፈራሁም፤
የሞተ ቆዳ ነው፤ መልሶ አይነካኝም።
ደንበኛ ሲመጣ ወንድሜ ካቴሎ ሜትሩን ይይዛል፣
የጣቱን ርዝመት፣ የመዳፉን ስፋት
ወረቀት ላይ ጽፎ በመጋረጃው ስር ወደ እኔ ይልካል።
«እህትህ የታለች?» ሲሉት «ኤርሲሊያማ ጉንፋን ይዟታል።»
አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ጉንፋን ይዞኝ ነበር።

አንድ እሁድ በቅዳሴ፣ «ሰላም ተለዋወጡ» ብለው ቄሱ ሲሉ፣
ከአምዱ ጀርባ ነኝ፣ እንደ ሁልጊዜው ሁሉ።
የጎረቤት ልጅ፣ የስድስት ዓመቷ፣ አገኘችኝና እጇን ዘረጋችልኝ።
ላብ አጠመቀኝ፣
ልቤ ከጉሮሮዬ ወጥቶ አነቀኝ፣ ሮጥኩኝ።
ከደረጃው ሆኜ ዞር ብዬ ባያት
እጇ አየር ላይ ነው፤
የት እንደምታኖረው ጠፍቷት።

ሐኪሟ ኢምፓራቶ
«ማን ነክቶሽ? መቼ ነው?» ብላ አልቆፈረችም።
«ሲደርስ ትነግሪኛለሽ፤ ባይደርስም አይከፋም።
ዛሬ ስለ ደወሉ። እሳት የለም፣ ደወሉ ግን ይጮኻል፤
ደዋዩ አልዋሸም፣ አንድ ቀን የነደደ ቤት ያስታውሳል።
ስትሸሺ ‹ልክ ነበርኩ› ይላል፤
ስትቆዪለት ግን ክንዱ ይዝላል።»

መሃላችን ጠረጴዛ። መጀመሪያ ክንድ።
እጇ እዚያ ማዶ፣ እጄ እዚህ፣ ግንባሬ ሲነድ።
«ከአስር ስንት ሆነ?» «ዘጠኝ።» «እንጠብቀው።»
«አሁንስ?» «ስምንት።» «እንጠብቀው።»
ማንም ሳይነካኝ ያ ጉልበተኛ ፍርሃቴ
ሲያልበው አየሁት በገዛ ዓይኔ፣ በሕይወቴ።

በመጋቢት ስንዝር።
ከፋሲካ ወዲያ አራት ጣት ሲቀረን
ባቡር ላይ አንድ ሰካራም ገፍቶኝ አለፈና፣ ወደ ክንድ ተመለስን።
አልተቆጣችም። «ጠረጴዛው የትም አይሄድ» አለች።
ሐምሌ ላይ የትንሽ ጣቷ ጥፍር ጥፍሬን ነካች፣
የዝንብ ክንፍ ያህል።
ቤቴ ገብቼ ሦስት ጊዜ ታጠብኩ፣ አለቀስኩም።

ደግሞ ሁሌ ትጠይቃለች፤ «ልቅረብ?»
«አይሆንም» ስላት ትቆማለች።
ይህን ነበር ሰውነቴ እስከዚያ ቀን የማያውቅ፤
«አይሆንም» በር እንዳለው፣ በሩም እንደሚጠበቅ።

በጥቅምት አንድ ሽማግሌ መጡ፣ ጀልበኛ፣ ከፕሮቺዳ ደሴት።
ካቴሎ ቆዳ ሊገዛ ሄዷል፤ እኔ ብቻ ነኝ በቤት።
ግራ እጃቸው አራት ጣት ነው፤ ትንሿን የመልህቅ ሰንሰለት በልቷታል።
«አርባ ዓመት» አሉ፣ «ባለ አምስት ጣት ስገዛ፣
አንዷ ባዶዋን ተንጠልጥላ ነፋስ ይሞላታል።»
ጉቶዋን በየትኛው ሜትር? ጠባሳው እንደ ቋጠሮ ነው፣
ጣት ብቻ ነው የሚያነበው።

ደወሉ ጮኸ። ስድስት። ሰባት።
ቆምኩለት።
«አባቴ» አልኳቸው፣ «ልንካዎት?»

ሳቁ። «ልጄ፣ በዚህ አገር ማን ጠይቆ ያውቃል!»
ዘረጉልኝ።
ሻካራ ነበር። ሞቃት።
መልሶም ነካኝ።

ማታ ካቴሎ መጣ፣ ወረቀት ፈለገ። «ልኬቱስ?» ሲለኝ
«እጄ ላይ ነው» አልኩት፣ መቀሱን አንስቼ።
ገባው። ዓይኑ ሞላ። ሁለት ክንዱን ከፍቶ ሊያቅፈኝ ተራመደ።
«ጠይቅ» አልኩት።